በስካጂት ሸለቆ የቱሊፕ በዓል፦ ሦስት ጊዜ ሄጄ ያየሁት

በዋሽንግተን ግዛት፣ ከሲያትል ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው የስካጂት ሸለቆ፣ በየዓመቱ የሚከበረውን የቱሊፕ አበባ በዓል እስካሁን ሦስት ጊዜ ሄጄ አይቻለሁ። ከሦስቱ በሚገባ የተሳካው አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱ ያልተሳኩት ስለ አበባውም ስለ ቦታውም አስቀድሜ ማወቅ የነበረብኝን ሳላውቅ በመሄዴ ስለሆነ፣ በተለይ ከአገር ቤት የመጡ ወላጆቻቸውን ወይም ትንንሽ ልጆቻቸውን ይዘው ለመሄድ ለሚያስቡ ሰዎች ይጠቅም ይሆናል በማለት ያጋጠመኝን በዝርዝር ጽፌዋለሁ።

ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት ሆለታ አካባቢ በሚገኝ አንድ የጽጌረዳ እርሻ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ወራት ግሪን ሃውስ ውስጥ በቆረጣ፣ የቀሩትን ዓመታት ደግሞ አበባው በርዝመቱ ተለይቶ በሚታሰርበት ክፍል ነበርኩ። ጽጌረዳው ሳይፈነዳ ይቆረጣል፤ 40፣ 50፣ 60 ሴንቲ ሜትር እየተባለ ተለክቶና ታስሮ ቀዝቃዛ ክፍል ይገባል፤ ማታ በማቀዝቀዣ መኪና ወደ ቦሌ ይወሰድና በአውሮፕላን ሆላንድ ይደርሳል። በእነዚያ ዓመታት በእጄ ያለፈው አበባ ስፍር ቁጥር የለውም፤ ሙሉ በሙሉ ፈንድቶ ያየሁት ግን ለገበያ አይሆንም ተብሎ የተጣለውን ብቻ ነበር። አበባ በበቀለበት መሬት ላይ ቆሞ፣ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ የማየት ምኞት ያደረብኝ ከዚያ ጀምሮ ይመስለኛል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት በኤፕሪል ወር የመጨረሻው እሑድ ነበር። ከቅዳሴ ስንወጣ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ተነሥተን፣ አይ 5 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን ከሰዓት በኋላ ደረስን። የጠበቀን አረንጓዴ ሜዳ ነው። ረድፎቹ እንደተሰመሩ ናቸው፣ ቅጠሉም አለ፣ ግንዱም ቆሟል፤ አበባው ግን የለም። በረድፎቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ቀይና ቢጫ የአበባ ራሶች ወድቀው፣ ዝናብ መቷቸው ጠርዛቸው መጥቆር ጀምሯል። በመንገዱ ዳር የወደቀውን አንዱን አንሥቼ ስገለብጠው፣ አንገቱ በስለት የተቀላ እንጂ በራሱ ጊዜ የረገፈ አለመሆኑን ወዲያው አወቅኩ፤ ቆረጣ ላይ የሠራ ሰው ይህን አይስትም። ጓደኛዬ ዝናቡ ያራገፈው መስሏት በጣም አዘነች። እኔ ደግሞ ይህን ያህል አበባ ሆን ብሎ ቆርጦ መሬት ላይ የሚጥል ገበሬ ምን ዓይነት ገበሬ ነው እያልኩ ተመለስኩ።

መልሱን ያገኘሁት በኋላ ስጠይቅ ነው፤ ከዚህ በዓል ሊረዳ ከሚገባው ነገር ሁሉ ዋናው ይህ ይመስለኛል። ቱሊፕ የሚበቅለው ሽንኩርት ከሚመስል፣ መሬት ውስጥ ከሚቀመጥ ሥር ነው፤ ከዚህ በኋላ ሽንኩርቱ እያልኩ የምጠራው እሱን ነው። አበባው ተከፍቶ ሲያበቃ በግንዱ ላይ ከተተወ ተክሉ ጉልበቱን ዘር ለማፍራት ያውለዋል። የአበባው ራስ ሲቆረጥ ግን ቅጠሉ ከፀሐይ የሚያገኘው ምግብ ሁሉ ወደ ታች ወርዶ ሽንኩርቱን ያደልበዋል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ከደረቀ በኋላ፣ በበጋው መጀመሪያ ላይ፣ ሽንኩርቱ ተቆፍሮ ይወጣል፤ ተለይቶም ከፊሉ ይሸጣል፣ ከፊሉ በመኸር ተመልሶ ይተከላል። ከሜዳው አበባ ከፊሉ ደግሞ ገና እምቡጥ ሳለ ለአበባ ገበያ ይቆረጣል። ሆለታ እያለን የምንሸጠው የአበባውን ራስ ነበር፤ ሥሩ ሌላ አበባ እንዲሰጠን ብቻ እንንከባከበዋለን። እዚህ ሽንኩርቱ ራሱ ሀብት ነው። ስለዚህ እኛ ጎብኚዎች በዓል የምንለው፣ አበባው ከተከፈተበት ቀን አንሥቶ ገበሬው የአበባውን ራስ እስኪቆርጠው ድረስ ያለችውን አጭር ጊዜ ነው።

በዓሉ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲከበር የቆየ ሲሆን፣ አሁን የሚታወጀው ከኤፕሪል 1 እስከ 30፣ በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት 23 እስከ ሚያዝያ 22 ነው። ይህ ቀን በየዓመቱ ያው ነው፤ አበባው ግን ለዚህ ቀን አይታዘዝም። ቱሊፕ ለማበብ ከ12 እስከ 16 ሳምንት የሚደርስ ቅዝቃዜ መሬት ውስጥ ማሳለፍ አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚከፈትበትን ቀን የሚወስነው የማርች ወር ሙቀት ነው። ማርች ሞቅ ካለ በዓሉ በይፋ ሳይጀመር ሜዳው ሊቀላ ይችላል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ በኤፕሪል የመጀመሪያ ሳምንት የሚታየው እምቡጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ከማርች አጋማሽ ጀምሮ እርሻዎቹ ስለ አበባው ሁኔታ የሚያወጡትን ፎቶግራፍና መግለጫ መከታተል፣ ፈቃድም ከመሥሪያ ቤት ሲጠየቅ በአንድ ቀን ሳይወሰኑ ሁለት ሦስት አማራጭ ቀናት መያዝ ይሻላል። እኔ ቀን ምረጪ ብባል የኤፕሪልን ሁለተኛ ሳምንት እመርጣለሁ። ዘግይቶ የሚሄድ ሰው ደግሞ ሜዳውን ትቶ የአትክልት ስፍራዎቹን ይመልከት፤ በእነርሱ ውስጥ ቀድመው የሚያብቡና ዘግይተው የሚያብቡ ዓይነቶች አብረው ስለሚተከሉ፣ ሜዳው ከተቆረጠ በኋላም አበባ አይጠፋም። በዚያ እሑድ ይህን ባውቅ ኖሮ ጓደኛዬን ባዶ እጇን አልመልሳትም ነበር።

ሁለተኛው ጉዞ በትክክለኛው ሳምንት ላይ ዋለ፤ ቀኑ ግን ቅዳሜ ነበር። አብረውን የአንዲት ዘመዴ ሁለት ልጆች ነበሩ። ከአውራ ጎዳናው ወጥተን ማውንት ቨርነን የተባለችውን ከተማ እስክንደርስ ሁሉም መልካም ነበር፤ ከዚያ በኋላ የቀረን ከ10 ኪሎ ሜትር ያነሰ መንገድ ብቻውን አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። የእርሻ መንገዶቹ ጠባቦች ናቸው፤ መኪናውን ዳር አስይዞ ፎቶ የሚያነሣው ሰው ደግሞ ብዙ ነው። በመጨረሻ በሩ ላይ ስንደርስ፣ ቲኬታችንን ያየችው ሠራተኛ ይህ የሌላ እርሻ ቲኬት እንደሆነ በትሕትና ነገረችን። ያልተረዳሁት ነገር በዓሉ በአንድ ግቢ የሚከበር አለመሆኑን ነው። በሸለቆው ውስጥ ሩዘንጋርድና ቱሊፕ ታውንን የመሳሰሉ ከአንድ በላይ እርሻዎች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ በር፣ የራሱ ቲኬትና የራሱ የመኪና ማቆሚያ አለው። የአንዱ ቲኬት በሌላው አይሠራም። ልጆቹ አበባውን ከአጥሩ ባሻገር እያዩት ሌላ ሰልፍ ፍለጋ ስንዞር ያለቀሱትን ለቅሶ አልረሳውም። ስለዚህ ከቤት ከመነሣታችሁ በፊት ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን የእርሻ ስምና አድራሻ ስልካችሁ ላይ ካለው ካርታ ጋር አስተያዩ፤ ቲኬቱንም አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ግዙ። በሥራ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ይቀንሳል፣ መንገዱም ክፍት ነው። ባለፈው ዓመት የሄደ ሰው የጠቆማችሁን ሜዳም አትመኑ፤ ቱሊፕ በተከታታይ ዓመታት በአንድ መሬት ላይ ቢተከል በሽታ ስለሚበዛበት፣ ገበሬዎቹ መሬቱን በየዓመቱ እየቀያየሩ ነው የሚተክሉት። ዘንድሮ ቀይ አበባ የለበሰው ሜዳ በሚቀጥለው ዓመት ድንች ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛውን ጉዞ ያደረግኩት ከእናቴ ጋር ነው። ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀኝ መጥታ ክረምቱን አብራኝ አሳልፋ ነበር፤ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ዐቢይ ጾም ሳይፈታ፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ ተነሣን። ጉልበቷን ስለሚያማት ከጎረቤቴ ዊልቸር ተውሼ መኪናው ውስጥ አስገባሁ። ምግቡን አስቀድሜ አስቤበት ነበር፤ በበዓሉ ላይ የሚሸጠው ምግብ አብዛኛው ሥጋ፣ ቅቤና ወተት የነካው ወይም ጣፋጭ ነገር ስለሆነ ለጿሚ ሰው የሚሆን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ምስር ወጥና ጎመን በእንጀራ ጠቅልዬ፣ ሻይ በፔርሙስ ይዤ ሄድኩ። በሩ ሳይከፈት ደረስን፤ ሰልፍ የሚባል አልነበረም። ነፋሱ ግን ከባሕሩ በኩል እየመጣ አጥንት ድረስ ይገባ ነበርና፣ እናቴ ከካፖርቷ በላይ ጋቢዋን ደርባ ነው የወረደችው። ኤፕሪል ሲባል ጸደይ ነው ብላችሁ በስስ ልብስ አትሂዱ፤ በዚያ ሸለቆ ጠዋቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው። ለእግርም ውኃ የማያስገባ ቦቲ ያስፈልጋል። በአትክልት ስፍራው ውስጥ ባለው መንገድ ዊልቸሩ ያለ ችግር ሄደልን፤ ወደ ሜዳው ዳር ስንጠጋ ግን መንኮራኩሩ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ፤ ከዚያ ወዲያ እጇን ይዤ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው ያስኬድኳት። መጸዳጃዎቹ ለበዓሉ ሲባል የሚቆሙ ጊዜያዊ ክፍሎች ስለሆኑ ለአረጋውያን አይመቹም፤ መንገድ ላይ ካለ ምግብ ቤት ገብቶ ማለፍ ይሻላል።

እናቴ ሜዳውን መጀመሪያ ስታየው ዝም አለች። ከእግራችን ሥር የጀመረው ቀይ፣ ከዚያ ቢጫው፣ ከዚያ ሐምራዊው፣ ጠርዙ ሳይታይ ይሄዳል። ትንሽ ቆይታ፣ "ገና አልፈነዳም እኮ፤ ቸኩለናል" አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ በዚያ ሰዓት አበባው ሁሉ እንደ እንቁላል ተዘግቶ ነበር። ቱሊፕ ሲበርደው ይዘጋል፣ ሲሞቀው ይከፈታል። ጠዋት ደርሰው ተዘግቶ ስላገኙት ያልደረሰ መስሏቸው የሚመለሱ ሰዎች አሉ፤ እስከ ረፋድ ከታገሡ ግን ሌላ ሜዳ ያያሉ። እኛ መኪናችን ውስጥ ገብተን ስንቃችንን በላን፣ ሻያችንን ጠጣን። አምስት ሰዓት ሲሆን ደመናው ሳስቶ ፀሐይ ወጣች፤ ስንመለስ አበባው አፉን ከፍቶ ነበር። እናቴ ከዊልቸሩ ላይ ጎንበስ ብላ የአንዱን ቀይ ቱሊፕ ውስጥ ተመለከተች። ስድስቱ ቅጠሎች ወደ ውጭ ተለጥጠው፣ ከታች ጥቁር ኮከብ፣ በኮከቡ ዙሪያ ቀጭን ቢጫ መስመር፣ መካከሉ ላይ ስድስት ዘንጎች በጥቁር ዱቄት ተለውሰው ቆመዋል። አፍንጫዋን አስጠጋችና፣ "እንዲህ አምሮ ሽታ የለውም?" ስትል ጠየቀችኝ። አብዛኛው ቱሊፕ የረባ ሽታ እንደሌለው፣ እኛ ሆለታ ስናስር የነበረው ጽጌረዳም ቢሆን ለሽታው ሳይሆን ረጅም መንገድ ችሎ በውኃ ውስጥ ብዙ ቀን እንዲቆይ የተመረጠ እንደነበር ነገርኳት። "የእኛ አደይ ማንም ሳይተክላት መስከረምን አትስትም" አለች። ይህ ግን በሰው እጅ የተተከለ ነው፤ ሜዳው በመኪና ሲተከል፣ የአትክልት ስፍራው በየመኸሩ ሽንኩርቱ አንድ በአንድ በእጅ እየተቀበረ እንደ አዲስ ይዘጋጃል።

ይህ ሁሉ የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የምናየው የአትክልት ስፍራ የሩዘን ቤተሰብ እንደሆነ፣ ዊልያም ሩዘን የተባለው ሰው በ1947 እ.ኤ.አ. ከሆላንድ መጥቶ፣ በ1955 ዋሽንግተን ባልብ የተባለውን የአበባ ሽንኩርት ኩባንያ እንደገዛ፣ ጎብኚ የሚገባበት የአትክልት ስፍራ ደግሞ በ1985 እንደተከፈተ ነገርኳት። እናቴ ሆላንዶችን የምታውቃቸው በእኔ ሥራ ነው፤ አበባችን ማታ ማታ ወደ እነርሱ ይሄድ ስለነበር። ሸለቆው አገራቸውን ስለሚመስል ለእነዚህ ሰዎች እንግዳ መሬት አልነበረም። የስካጂት ወንዝ ወደ ባሕር ሲገባ ያከማቸው ደለል ነው፤ ዝርግ ነው፣ የባሕርና የወንዝ ውኃ እንዳያጥለቀልቀው በግድብ የታጠረ ነው፣ ክረምቱ ይቀዘቅዛል እንጂ ብዙ አይከፋም። ሰማዩ ሲጠራ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በኩል በረዶ የለበሰው የቤከር ተራራ ይታያል። በዚያ ቀን አልታየንም፤ ፎቶ ለሚያነሣ ሰው ግን ደመናው ጠቃሚ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ቀዩ አበባ ፎቶ ላይ ዝርዝሩን ያጣል።

ከግቢው ወጥተን ላ ኮነር ወደምትባለው የወደብ ከተማ ስንሄድ፣ ከመንገዱ ራቅ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ የዝናብ ልብስ የለበሱ ሠራተኞች ጎንበስ ብለው እምቡጥ ሲቆርጡ አየንና መኪናውን ዳር አስያዝኩ። ቆርጠው በክንዳቸው ላይ ይደረድራሉ፣ አሥር ሲሞላ በላስቲክ ያስራሉ፣ ወደ ሣጥኑ ያኖራሉ። ፍጥነቱን አውቀዋለሁ፤ ወገብ ላይ የሚተወውንም ሕመም አውቀዋለሁ። እኛን የሚወጋን እሾህ ነበር፤ የቱሊፕ ፈሳሽ ደግሞ ያለ ጓንት ብዙ የነካውን ሰው የጣት ቆዳ ያስቆጣል፣ ይሰነጥቃል። በማርች 2022 እ.ኤ.አ.፣ በዓሉ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የሸለቆው የቱሊፕ ሠራተኞች ስለ ክፍያቸውና ስለ ሥራ ሁኔታቸው ሥራ አቁመው እንደነበር ሰምቻለሁ፤ በዚያ ቀን የነበረኝን አስተያየት ሁሉ የለወጠው ይህን ማስታወሴ ነው። ያ ሜዳ የሰው እንጀራ ነው። በረድፎቹ መካከል አትግቡ የሚለውን ማስታወቂያ አልፎ ለፎቶ ብሎ የሚገባ ሰው ግንድ ከመስበሩም በላይ፣ በጫማው ጭቃ የሻጋታ በሽታ ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው ያዛምታል፤ እርጥቡንም መሬት ረግጦ ያጠነክረዋል። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ይህን መኪና ውስጥ ሳላችሁ ንገሯቸው፤ አበባውን ካዩ በኋላ አይሰሙም።

ከመውጣታችን በፊት እናቴ ሽንኩርቱን ገዝቼ ደብረ ብርሃን ልውሰድ ብላ ነበር። በጸደይ የሚወሰደው ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ሽንኩርቱ የሚላከው ለመትከያ ሲደርስ በመኸር ነው። ከዚህም ሌላ ተክልን ከአገር ወደ አገር ለመውሰድ ከበሽታ ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ መሄድ አይገባም። ደብረ ብርሃን ብርድ ቢሆንም የዚህን አገር ክረምት ያህል ወራት ሙሉ የሚዘልቅ ቅዝቃዜ ስለሌለው፣ ሽንኩርቱ ቅጠል ቢያወጣም በደንብ ማበቡ ያጠራጥራል። ይህን ሁሉ ሳስረዳት፣ "እንግዲያው አንቺ ትከዪው" አለችኝ። 20 ሽንኩርት አዘዝኩ፤ ለቤት ደግሞ አንድ እስር እምቡጥ ገዛን። ቱሊፕ ከተቆረጠም በኋላ በውኃ ውስጥ ሆኖ ማደጉን አያቆምም፤ ግንዱ ይረዝማል፣ ወደ ብርሃኑም ይጎብጣል። እናቴ ወደ አገሯ እስክትመለስ ድረስ ጠዋት ጠዋት ብርጭቆውን ታዞረው ነበር።

በኦክቶበር ሽንኩርቱ ሲመጣልኝ ከቤቴ ደረጃ አጠገብ፣ ውኃ የማይቋጥር መሬት መርጬ፣ ሹል ጫፉን ወደ ላይ አድርጌ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ቀበርኩት። በሳምንቱ ሽኮኮዎች ስድስቱን ቆፍረው በሉት፤ በቀሩት ላይ የወንፊት ሽቦ ዘረጋሁ። እናንተ ሽቦውን በተከላችሁበት ቀን ዘርጉ። በሚቀጥለው ኤፕሪል 14ቱም አበቡ። ፎቶውን ለእናቴ ላክሁላት፤ ደስ አላት፣ ለጎረቤት ሁሉ አሳየች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንደዋወል መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ አበባው ነበር። የአበባው ቅጠል መርገፍ እንደጀመረ ነገርኳት።

"ታዲያ ራሱን አልቆረጥሽውም?" አለችኝ። "ቁረጪው እንጂ፤ አለዚያ ሽንኩርቱ ይራባል።"

ስልኩን እንደያዝኩ መቀሱን አንሥቼ ወደ ደረጃው ወጣሁ።